ግራር ላይ የቆየው የፍሬጅ ልብስ

እኛ የበረሃ ሰዎች ዘንድ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ነገር አይነካም። ዱቄት ይሁን፣ ብርድ ልብስ ይሁን፣ የሙሽራ ወርቅ ይሁን፣ ባለቤቱ ጠቅልሎ ግራር ላይ ከሰቀለው ራሱ መጥቶ እስኪያወርደው ድረስ እዚያው ይቆያል። የተራበ መንገደኛ ከሥሩ ጦሙን ተኝቶ ያድራል እንጂ ቋጠሮውን አይፈታም። ይህን ለከተማ ሰዎች ስነግራቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። እነሱ በብረት በር የቆለፉት ሲሰረቅ እኛ ይኸው በአንድ ቋጠሮ እንኖራለን።

የተሰቀለ ጥቅል የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሄጃለሁ፣ እመለሳለሁ» ይላል። መከራችን የመጣው ከዚሁ ነው።

ኸርሳ የምትባለው ወሽመጥ ባሕሩ ዳር ካለችው ከደሃብ ከተማ በስተሰሜን ናት። መኪና አይደርስባትም። ተራራው ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ስለሚገባ በሥሩ ያለችው መንገድ ለአንድ ግመል ብቻ ነው የምትበቃው፤ ማዕበል ሲነሣ ለእሱም አትበቃም። የአየር ሲሊንደሩን፣ የጎማ ልብሱን፣ የመጠጥ ውኃውን፣ ምሳውን የሚሸከሙልን የሽማግሌው የሐጅ ዐውዳ ግመሎች ናቸው። ኸርሳ ማለት ዲዳ ማለት ነው። ነፋሱ ሁሉ ተራራውን ተከትሎ በላይዋ ስለሚያልፍ እዚያ ስትደርስ ጆሮህ የተደፈነ ይመስልሃል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አልወዳትም። ባሕር ውስጥ እየመራሁ የማጠልቃቸው እንግዶቼ ግን ይሞቱላታል። ከዳር ትንሽ በጉልበት ውኃ ትሄድና ድንገት ከእግርህ ሥር መሬቱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የኮራል ግድግዳ ነው፤ ከግድግዳው በታች ሰማያዊው፣ ከሰማያዊው በታች ጥቁሩ። ይህን ለማየት ስንት አገር አቋርጠው ይመጣሉ።

ፍሬጅ የሐጅ ዐውዳ አንድያ ልጅ ነበር። የእህቴ የሩባያ ባል፣ የእኔም የሥራ ጓደኛ ነበር፤ አብረን ጠልቀን አብረን ነው ያደግነው። አምና ብርዱ እንደገባ አንድ ጠዋት፣ እንግዶቹ ገና ቁርስ ላይ ሳሉ፣ «ገመዱን አይቼ ልምጣ» ብሎ ብቻውን ገባ። ገመድ ያልኩት በግድግዳው ላይ ወደ ታች የዘረጋነውን ነው፤ እንግዶች እሱን ይዘው ይወርዳሉ፣ ከጫፉ አያልፉም። ነጭ ጀለቢያውንና ጫማውን በራስ መጠምጠሚያው ጠቀለለ፣ ወሽመጧ ዳር ካለችው ብቸኛ ግራር ላይ ሰቀለና ገባ። አልወጣም። ፈለግነው። ከሌላ ቦታም ጠላቂዎች መጥተው ፈለጉት። የሱ የሆነ አንድ ነገር እንኳ ከውኃው አልወጣም።

ጥቅሉ ግን እዚያው ነበር። ሐጅ ዐውዳም «ልብሱ ተሰቅሎ ሳለ ልጄን ማነው ሞተ የሚለው?» አሉ። አበቃ። ድንኳን አልተጣለም፣ ለቅሶ አልተቀመጥንም፣ እህቴ ሐዘን አልለበሰችም። የሐጅ ሙቀጫም ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝም አለ።

ስለ ሙቀጫው ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሰው በረንዳው ላይ ቡና ሲወቅጥ መንገደኛን መጥራቱ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምት አለው፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ሰምቶ ማለፍም ነውር ነው። የሐጅ ዐውዳ ቤት ምት ሁለት ዝግ ያለ፣ ሦስት ፈጠን ያለ፣ መጨረሻ ላይ ዘነዘናው የሙቀጫውን ከንፈር ነካ ያደርጋል። ፍሬጅ ውኃ ውስጥ ሊጠራን ሲፈልግ፣ ዋሻ ውስጥ የተደበቀ ነገር ሊያሳየን ሲል፣ ሲሊንደሩን በብረት የሚመታው በዚሁ ምት ነበር። እኛም እየሳቅን እንሄድለት ነበር።

ዘንድሮ ብርዱ ተመልሶ ሲገባ ነው የጀመረው። ሻዝሊ የሚባል፣ ከቁሴይር ወደብ የመጣ ልጅ አብሮኝ ይሠራል። ሁለት እንግዶች ይዘን ኸርሳ ወረድን። ገመዱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ሰማሁት። ሁለት ዝግ ያለ፣ ሦስት ፈጠን ያለ፣ ከዚያ ያቺ ነካ። ውኃ ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም፤ ከሁሉም በኩል ይመጣል፣ ከራስህ ቅል ውስጥም ይመጣል። ወደ ሻዝሊ ዞርኩ። እሱ እኔን ያያል። ባዶ እጄን አሳየሁት፤ እሱም ባዶ እጁን አሳየኝ።

ዳር ስንወጣ ሻዝሊ እንግዶቹ እስኪርቁ አልጠበቀም።

«አንተ ነህ አይደል?» አለኝ።

«እኔ ምን?»

«ስትደበድብ የነበርከው!»

«እንግዳዋ ሴትዮ አንድ እጄን ጨምድዳ ይዛ፣ ሌላውን ባዶውን አሳይቼህ አልነበረ እንዴ? በምኔ ልደብድብ፣ በግንባሬ?»

«ታዲያ ማነው?»

«ማዕበል ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲያጋጭ።»

«ማዕበል? ዛሬ? ባሕሩ እንደ ሻይ ብርጭቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሕሜድ፣ እኔን እንደ እንግዳ አታሞኘኝ።»

«ፈራህ በላ!»

«አዎ፣ ፈራሁ! እናቴ አራት ወልዳለች፣ አንዱንም ለዓሣ ብላ አይደለም። እዚህ ባሕር ሁለተኛ የምገባው ሲደርቅ ነው።»

ሐጅ ዐውዳ ግራሩ ሥር ተቀምጠው ነበር፣ ፊታቸውን እንደ ሁልጊዜው ወደ ውኃው አድርገው። ከላያቸው ያ ጥቅል አለ። ፀሐይ አንጥታዋለች፣ ቋጠሮውን ጨው አድርቆታል።

«ፊታችሁ ምን ሆነ?» አሉን።

«ጨው ነው ሐጅ» አልኩ።

ሻዝሊን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ብዬው ነበር። ለሻዝሊ እንዲህ ማለት ከበሮ ሰጥቶ አትምታ እንደማለት ነው። ሳምንት ሳይሞላ እህቴ ፍየሎቿን እየነዳች ሲሊንደር የምንሞላበት ቤት ድረስ መጣች።

«ወንድሜ፣ ያንኳኳል አሉ» አለች።

«ማነው ያለሽ? ያ ለፍላፊ!»

«ያንኳኳል ወይስ አያንኳኳም?»

«ባሕር ብዙ ድምፅ አለው ሩባያ።»

«የሐጅን ሙቀጫ ምት የሚያውቅ ባሕር አለ?»

ወደ ሲሊንደሮቹ ዞርኩ። እሷም መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ፍየሎቹ የጎማ ልብሶቼን መላስ ጀመሩ።

«እኔ ባሌ እንደሞተ አውቃለሁ» አለች። «የማውቀውን እንዳላውቅ ሆኜ ዓመት ኖርኩ። በየማታው ድርሻውን ቂጣ አቀርብለታለሁ፣ ጠዋት ለዚያች ፍየል እሰጣታለሁ። ተመልከታት፣ ልትፈነዳ ነው። እኔን ደግሞ ተመልከተኝ። ሕሜድ፣ እርሜን ላውጣ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ቀን ፀጉሬን ፈትቼ፣ ጮኼ፣ ባሌ ሞተ ብዬ ላልቅስ። ይሄ ለሰው ይከለከላል?»

«ሐጅን እኔ ምን ላድርጋቸው?»

«ልብሱን አውርድ።»

ተነሣሁ። «አብደሻል? የተሰቀለ ላውርድ? በየሸለቆው ስሜ ሊጠራ? የአባታችንን ስም ልታስጠሪ?»

«ጥፋቱ የእኛ ቢሆንስ?» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «እመለሳለሁ ብሎ ሰቅሏል። ቃሉን እኛ ይዘንበት እንዴት ብሎ ይሂድ? ለዚያ አይደል የሚያንኳኳው?»

እኔ ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ። «ሁለተኛ ይህን ነገር ከአፍሽ እንዳልሰማ!» አልኳት።

«እሺ። እንግዲያው ከታች አንድ ነገር አምጣልኝ። ቀበቶውን፣ ሲሊንደሩን፣ የፈለገ ነገር ይሁን። ሐጅ በዓይናቸው አይተው ይመኑ።»

«አመጣለሁ!» ብዬ ጮኽኩባት። ቁጣ ነው ያናገረኝ። ግን የተናገርኩት ለእህቴ ነው፤ ከአፌ ከወጣ ወጣ።

ለሐጅ ገመዱን ልቀይር ነው አልኳቸው። ሻዝሊ ሲሊንደሩን ሲሞላ አንድ ብቻ መሆኑን አየ።

«ብቻህን ነህ?»

«ከመላእክት ጋር ነኝ።»

«እነሱ ሲሊንደር አይፈልጉም፣ አንተ ግን ጓደኛ ያስፈልግሃል። ለእንግዶቹ ጠዋት ጠዋት ምንድነው የምትጮኸው? ብቻችሁን አትግቡ አይደል?»

«ና እሺ፣ አብረን እንግባ።»

የሲሊንደሩን ክዳን አጠበቀና ወደ እኔ ገፋው። እኔም አልፈረድኩበትም።

በመንገድ ላይ ሐጅ ከፊት እየመሩ፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ሄድን። ዓይናቸው ከአሸዋው አይነሣም። እሳቸው ዱካ ሲያነቡ ሰው ደብዳቤ የሚያነብ ይመስላል፤ የማን ግመል እንዳለፈ፣ ተጭኖ ይሁን ባዶውን፣ የማን ፍየል እግሯን እንደታመመች ከኮቴው ይለያሉ። «ትናንት ማታ ቀበሮ ወርዷል» አሉኝ። «አንካሳው። አሁንም አልሞተም፣ ተንኮለኛ!»

ኸርሳ ደረስን። ነፋሱ ከኋላችን ተቋረጠ። ሐጅ ሁለቱን ግመሎች አራግፈው የፊት እግራቸውን በገመድ አሰሩ፣ ሻይ ጣዱ፣ ከኮሮጇቸው ስኳር አወጡ። እሳቸው ሻይ በስኳር አይጠጡም፤ በስኳር የሚጠጣው ፍሬጅ ነበር። እኔ የጎማ ልብሴን ለብሼ የቀረውን ጠቅልዬ ግራሩ ጋ ሄድኩ። የለመደ እጅ ነው፣ አላሰብኩበትም።

«ከአጠገቡ ስቀለው» አሉኝ። «ከአጠገቡ። ብቻውን ሰልችቶታል።»

ሰቀልኩት። ከዚያ ግን አላስቻለኝም። «ሐጅ፣ አንድ ነገር ልበልዎት?»

«በል።»

«ዓመት ሆነው። አንድ ሲሊንደር ደግሞ…»

«ስንት እንደሚያቆይ አውቃለሁ። በግመሌ የማመጣው እኔ አይደለሁም?» ሻዩን በእንጨት አማሰሉት። «አላበድኩም ሕሜድ። ያበድኩ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ አውቃለሁ። ግን ልጄ በብርድ ነው የገባው። ቢወጣስ? አንድ ቀን ርሶ፣ እየተንቀጠቀጠ ቢወጣና ልብሱን ቢያጣውስ? አባቴ እንኳ አልጠበቀኝም ቢልስ? እኔ ሌሊት ቤቴ ስተኛ ብርዱ የሚመታኝ እዚህ ነው።» ደረታቸውን ነኩ። «ልብሱ እስካለ ትንሽ ይሻለኛል።»

መነጽሬን አጥቤ ወደ ውኃው ሄድኩ።

የኮራሉ ጫፍ ላይ ስደርስ ራሴን ለቀቅኩ። ውኃው ቀዝቃዛና የጠራ ነበር። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዓሣ አለመኖሩን ነው። ኸርሳ ዓሣ አጥታ አታውቅም፤ ያ ግድግዳ ሁልጊዜ የገበያ ቀን ነው። ያን ቀን ባዶ ነበር። ገመዱን ይዤ ወረድኩ። የራሴ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። ስንጥቁን ሁሉ እያየሁ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ በእጄ እየዳበስኩ የገመዱ ጫፍ ደረስኩ። ምንም የለም። ከሥሬ ጥቁሩ ይጀምራል። ብርዱ በጎማው ልብስ ውስጥ ገብቶ ጥርሴን ያንቀጫቅጨኝ ጀመር። ልመለስ አልኩ። ልመለስ ስል አንኳኳ።

ሁለት፣ ሦስት፣ ነካ።

በዚህ ጊዜ አቅጣጫ ነበረው። ከሥሬ ነው። እኔ ደግሞ የሠራሁትን ስሕተት የእኛ አገር ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም። ሌላ ሰው ቢሆን ፈርቶ ሽቅብ ይሸሽ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሙቀጫ ስሰማ «መጣሁ» ማለት የለመድኩ ነኝ። ቢላዬን ከእግሬ መዘዝኩና ሲሊንደሬን መታሁ። መለስኩለት።

ዝም አለ። ከዚያ እንደገና አንኳኳ፣ ቀረብ ብሎ፣ ፈጠን ብሎ፣ ደስ ያለው ሰው እንደሚመታው።

ሙቀጫ ሰምቶ የመለሰ ሰው እንግዳ ሆኗል፤ ወደ ኋላ አይልም። ገመዱን ለቀቅኩ። መውረዴን አውቃለሁ፣ የአየር መለኪያውን ማየቴንም አስታውሳለሁ፤ መርፌው ያሳየኝ ነገር የሌላ ሰው ጉዳይ መሰለኝ። ጥልቀት ያሰክራል፤ ይህን ለስንት እንግዳ አስተምሬያለሁ። ሲያሰክረኝ ግን ስካር መሆኑን አላወቅኩም። ብርዱ ጠፋ። ጥርሴ መንቀጥቀጡን ተወ። ታች ፍሬጅ እንዳለ፣ እሳት እንዳነደደ፣ ቦታ እንደያዘልኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እየሳቅኩ ነበር መሰለኝ፤ አፌ ውስጥ ጨው ይገባ ነበር። ሁለት፣ ሦስት፣ ነካ። መጣሁ፣ መጣሁ ወንድሜ።

ያኔ ከላዬ ጥላ አለፈ።

ቀና አልኩ። ሰው ይወርዳል። ነጭ ለብሷል፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቷል። አይዋኝም፣ አይንፈራገጥም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል። በአጠገቤ ሲያልፍ እጄን ብዘረጋ የምነካው ነበር። እጅጌው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፣ ተመልሶም ዞረ። አንገቱ ላይ ራስ አልነበረም። የአንገቱን ጥልፍ ግን አወቅኩት። እህቴ ናት የጠለፈችው፣ ለሠርጋቸው፣ ቀይ ክርና ጥቁር ክር።

የፍሬጅ ጀለቢያ ነው።

በመተንፈሻዬ ውስጥ ጮኽኩ። ጀለቢያው አለፈኝ፣ ወደ ሰማያዊው ገባ፣ ወደ ጥቁሩ ገባ፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ እጅጌዎች ብቻ ሽቅብ ተዘርግተው ታዩኝ፣ ከዚያ እነሱም ጠፉ። ከሥሬ አንድ ጊዜ አንኳኳ። ሁለት፣ ሦስት። የመጨረሻዋን፣ ያቺን ነካ፣ ጠበቅኳት። አልመጣችም።

ኸርሳ ዲዳ ሆነች። ብርዱ በአንድ ጊዜ ተመልሶ አጥንቴ ውስጥ ገባ፣ ከብርዱ ጋር ልቡናዬም ተመለሰ። መለኪያዬን አየሁ፤ መርፌው ቀዩ ላይ ነበር። እንዴት እንደወጣሁ ደርድሬ መናገር አልችልም። ግድግዳውን እየቧጠጥኩ ገመዱን አገኘሁት፣ ቀስ ማለት ባለብኝ ቦታ ቀስ አልኩ፣ አየሩ ሊያልቅ አንድ ሁለት ትንፋሽ ሲቀረው ፀሐይ ፊቴ ላይ ወጣች። ጥልቅ ያልሆነው ውኃ ውስጥ በጉልበቴ ተንበርክኬ አለቀስኩ። አላፍርም፤ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

ቀና ስል ግራሩ ላይ አንድ ጥቅል ብቻ ነበር። የእኔው ነው።

ሐጅ የሉም። አንደኛው ግመልም የለም። ከአንድ ድንጋይ አጠገብ እህቴ ተቀምጣለች፣ ፍየሎቿ ከኋላዋ ተበትነዋል። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል። የጣቶቿ ጥፍሮች ተሰባብረው ይደማሉ።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«በተራራው በኩል መጣሁ።»

«ምን አደረግሽ ነው የምልሽ!»

«ፈታሁት። ድንጋይ ሆኖ ነበር ቋጠሮው።» ጣቶቿን አየቻቸው። «ጫፉ ላይ ጫማውንና ድንጋይ በመጠምጠሚያው ቋጠርኩበትና አረፋህን እያየሁ ውኃው ውስጥ ሄድኩ። አረፋህ የሚወጣበት ቦታ ስደርስ ለቀቅኩት። እዚያ ነው ያለው ብዬ።»

«ሐጅስ?»

«የግመሉን እግር ፈትቼው ሸለቆ ገባ፣ እሱን ሊያመጡ ሄዱ። ቋጠሮ መፍታት ከጀመርኩ አይቀር አልኩ።»

መቆጣት ፈልጌ ቁጣዬን አጣሁት። ዕድሜ ልኬን ሳልፈልገው የሚመጣው ቁጣ ያን ቀን ጠራሁት፣ አልመጣም።

«አንኳኳ?» አለችኝ፣ በጣም ዝቅ ብላ።

«አንኳኳ። ልብሱ ሲደርሰው ተወ።»

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ የግመል እርምጃ ሰማን።

ሐጅ ዐውዳ ግመሉን እየሳቡ ከሸለቆው ወጡ። የተፈታውን የእግር ገመድ በእጃቸው ይዘውታል። መጀመሪያ ያዩት እኔን አይደለም፣ ሩባያንም አይደለም፣ ግራሩን ነው። ቆሙ። ግመሉም ቆመ።

«ይሄ የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ ነው ሐጅ።»

«የልጄስ?»

ሩባያ ልትናገር ተነሣች። ብትናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። የተሰቀለ የአደራ ልብስ ያወረደች ሴት፣ በገዛ አማቷ ፊት፣ ከዚያ ወዲያ በየትኛው ቤት ትገባለች? ቀደምኳት።

«አየሁት ሐጅ» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ማንን?»

«ፍሬጅን።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ። በዚህ ዓይኔ አየሁት። በአጠገቤ አለፈ።»

የእግር ገመዱን እጃቸው ላይ ጠመጠሙት። «ምን ለብሷል?»

«ነጭ ጀለቢያውን። የሠርጉን፣ አንገቱ ላይ ጥልፍ ያለውን። ቀጥ ብሎ፣ እጆቹን ዘርግቶ ወረደ። አልተቸገረም ሐጅ።»

«ማንኳኳቱስ?»

ሰምተው ነበር ለካ። ሁሉንም ሰምተው ዝም ብለው ነበር። «ቆመ» አልኳቸው። «ልብሱን ከለበሰ በኋላ ቆመ።»

ሐጅ ዓይናቸውን ወደ አሸዋው አወረዱ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ዱካ አንባቢ መሆናቸውን ረስቼ ነበር። ከግራሩ ሥር እስከ ውኃው ድረስ የትንሽ እግር ዱካ ተሰልፎ ይታያል፤ ሲሄድ ጥልቅ ብሎ፣ ድንጋይ እንደተሸከመ ሰው፣ ሲመለስ ደግሞ ቀለል ብሎና ርሶ። ከግመሉ መታሰሪያ ጀምሮም ያው እግር አለ። ከአንዱ ዱካ ወደ ሌላው ዓይናቸው ቀስ ብሎ ሄደ፣ ውኃው ጠርዝ ደረሰ፣ እዚያ ቆየ።

ሐጅ ግመሉን ለቀቁት። ወደ ግራሩ ሄዱና መራመድ ጀመሩ፤ ከግራሩ ወደ ውኃው፣ እግራቸውን አሸዋው ላይ እየጎተቱ፣ በዚያች ትንሽ እግር ዱካ ላይ። ውኃው ጋ ሲደርሱ ዞረው እየጎተቱ ተመለሱ። ከግራሩ እስከ ውኃው የሳቸው ዱካ ብቻ ቀረ።

«እንግዲህ አይበርደውም» አሉ።

ካባቸውን ከትከሻቸው አወለቁ። ወደ እህቴ ሄደው አለበሷት፣ እንደ ሕፃን ከአገጯ ሥር ሰበሰቡላት።

«አንቺ ግን ርሰሻል ልጄ» አሉ። «አንቺ ግን ይበርድሻል።»

ሩባያ ካባውን ከራሷ ላይ ወደ ትከሻዋ ሳበችና ፀጉሯን ፈታች።